በደጋ ስለሚጐድል የሞተር ጉልበትና ስለ መመለሻው

ለመምህራንና ንባብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ከሐዋሳ ከተማ ተጭኖ ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣ መኪና እስከ አፖስቶ፥ ከዚያም እስከ አለታ ወንዶ ድረስ በደኅና ይጓዛል። ከዚያ በላይ ዳገቱ ሲጸና ግን ድምፁ ይለወጣል። ሹፌሩ ማርሹን ደጋግሞ ይቀንሳል፤ ከጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ከኋላ የሚመጣውም መኪና እየተጠጋ ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ ከተሳፈሩት ሰዎች አንዱ «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል፤ ሌላው «ነዳጁ ተበርዟል» ይላል፤ ሦስተኛውም «ፓምፓው ተከፍቶ ነዳጅ ይጨመርለት» ብሎ ይመክራል። ነገር ግን ሞተሩ ያላረጀ፥ ነዳጁም ያልተበረዘ ሊሆን ይችላል። የጐደለው ማንም ያልጠረጠረው ነገር፥ ማለት አየር ነው።

ይህ ትምህርት ሦስት ነገር ያስረዳል። መጀመሪያ፥ የሞተር ጉልበት በደጋ አገር ስለ ምን እንደሚቀንስ፤ ሁለተኛ፥ ምን ያህል እንደሚቀንስ፤ ሦስተኛ፥ ከጐደለው ጉልበት የትኛው ሊመለስ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ነው። ይህንም ማወቅ የሚጠቅመው ሹፌርንና መካኒክን ብቻ አይደለም። ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የጭነት መኪና ወይም የወፍጮ ሞተር ሲገዙ፥ ሽማግሌዎች ስለ ግዢው ይጠየቃሉ። በዚያን ጊዜ ይህን ያላወቀ ሰው የብዙ ሰው ገንዘብ እንዲባክን ያደርጋል፤ በገደል መንገድ ላይም ሲሆን ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳት ያመጣል።

ክፍል ፩። አየር ክብደት ያለው ስለ መሆኑ

ብዙ ሰው አየርን እንደ ባዶ ነገር ይቈጥረዋል። የማይታይና የማይጨበጥ ስለ ሆነ ክብደት የሌለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አየር እንደ ውሃና እንደ እህል ይመዝናል፤ በምድርም ላይ እንደ ባሕር ተኝቶ ይኖራል፤ ሰውም የዚህ ባሕር ወለል ነዋሪ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ወደ ታች በጠለቀ መጠን የውሃው ጫና እንደሚበዛበት፥ እንዲሁ ሰው ወደ ቈላ በወረደ መጠን የአየሩ ጫና ይበዛበታል፤ ወደ ደጋ በወጣ መጠን ይቀልለታል።

ይህን በመጀመሪያ የገለጠው ኢጣሊያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1643 ዓ.ም. አንድ ወገኑ የተዘጋ የመስታወት ቱቦ ባዜቃ ሞልቶ፥ አፉን ወደ ታች ገልብጦ፥ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ማቆም መልካም መንገድ መሆኑን አሳየ። ባዜቃው ሁሉ አልፈሰሰም፤ ከሳሕኑ በላይ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ ቀረ። ደግፎ ያቆመውም በሳሕኑ ላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ፥ በ1648 ዓ.ም.፥ ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱ ባል ይህንኑ ዓይነት ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ እንዲወጣ አደረገ። በተራራው ራስ ላይ ባዜቃው ከግርጌው ይልቅ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህም ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየር እየቀለለ እንደሚሄድ ተረጋገጠ።

በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው ባዜቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሐዋሳ 620 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቆማል። በ2,400 ሜትር ግድም በምትገኘው በአዲስ አበባ 565 ያህል ይሆናል። ከሐዋሳ በሻሸመኔ፥ በዶዶላና በሮቤ አልፎ ጎባ የደረሰ መንገደኛ፥ ከጎባ ወደ ደሎ መና ለመሄድ የሰነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ባዜቃው 455 ሚሊ ሜትር ያህል ቢቆም ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር ያለው የአየር ጫና 10 እጅ ቢሆን፥ በሰነቴ የቀረው 6 እጅ ነው ማለት ነው።

መምህሩ ባዜቃ ሳያስፈልገው ይህን ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል። ወደ ደጋ የሚሄድ ሰው ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይሂድ፤ በሀገረ ሰላም ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ይዝጋው፤ ሳይከፍትም ወደ ሐዋሳ ይመልሰው። ጠርሙሱ በእጅ የጨመቁት ይመስል ጐኑ ገብቶ ይገኛል። ማንም አልነካውም፤ የጨመቀው የሐዋሳ ወፍራም አየር ነው። በሐዋሳ ተዘግቶ ወደ ሀገረ ሰላም የወጣ ጠርሙስ ግን በተቃራኒው ተወጥሮ ይታያል።

ክፍል ፪። ሞተር ምድጃ ስለ መሆኑ

በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር በውስጡ እሳት የሚነድድበት ምድጃ ነው። እሳትም ያለ አየር አይነድድም። ይህን ለማሳየት ሁለት ሻማ አብርቶ፥ አንዱን በትንሽ ብርጭቆ፥ ሁለተኛውን በትልቅ የመስታወት ዕቃ መክደን ይበቃል። በትንሹ ብርጭቆ የተከደነው ቀድሞ ይጠፋል፤ ሰሙ ሳያልቅ አየሩ አልቆበታልና።

ሞተርም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የሚበላው አየር ብዛት ሰውን ያስደንቃል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ነድዶ እንዲያልቅ 15 ኪሎ የሚያህል አየር ያስፈልገዋል። 1 ሊትር ቤንዚን ከ1 ኪሎ ጥቂት ስለሚያንስ፥ ለርሱ 11 ኪሎ ያህል አየር ይበቃዋል። ይህን አየር በቦታ ብንሰፍረው፥ ቁመቱም ወርዱም ርዝመቱም 1 ሜትር የሆነ አየር በባሕር ጠረፍ 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በሐዋሳ 1 ኪሎ ያህል፤ በአዲስ አበባ 0.9 ኪሎ፤ በሰነቴ አምባ 0.75 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንዱን ሊትር ቤንዚን ለማንደድ በባሕር ጠረፍ 9 ሜትር ኩብ አየር ሲበቃ፥ በሐዋሳ 11፥ በአዲስ አበባ 12፥ በሰነቴ ደግሞ 15 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የሞተሩ ሲሊንደር እንደ ቁና ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንድ ቁና አየር ይሰፍራል፤ ቁናው ግን በደጋም በቈላም አንድ ነው፤ አይሰፋም፤ አይጠብብም። አንድ ሰው በቁና ስንዴ ሲሰፍር ቆይቶ፥ በዚያው ቁና ገለባ ቢሰፍር፥ ቁናው ሞልቶ ሳለ ክብደቱ እንደሚጐድል፥ ሞተርም በደጋ አየር ቁናውን ሞልቶ ሳለ የሚያገኘው አየር ይጐድልበታል። አየሩ ሲጐድል እሳቱ ያንሳል፤ እሳቱ ሲያንስ ፒስቶኑን የሚገፋው ኀይል ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚሁ ምክንያት ይቀንሳል።

ክፍል ፫። የሚጐድለው ምን ያህል እንደ ሆነ

በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠረፍ አጠገብ ለሚገኝ አየር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው መኪና ግን አብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደጋ ይወጣል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ነድቶ አዲስ አበባ ባገባ ጊዜም፥ ሞተሩ ከባሕር ጠረፍ እስከ ከተማይቱ ድረስ በእያንዳንዱ ዳገት ጉልበቱን እየጣለ ነበር የመጣው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተፈጥሮ ሕግ አልተለወጠም።

ለማስታወስ የሚመች የሒሳብ ደንብ ይህ ነው። የአየር መጫኛ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል ጉልበት ያጣል። በዚህ ደንብ በመጽሐፉ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፥

በሐዋሳ 83 ያህል፥
በአዲስ አበባ 76 ያህል፥
2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሀገረ ሰላም 73 ያህል፥
በሰነቴ አምባ 60 ያህል ጉልበት ይኖረዋል።

ይህ ቁጥር ግምት ነው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነትና እንደ አየሩ ሙቀት ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። ሙቅ አየር ከቀዝቃዛ አየር ስለሚቀልል፥ በቀትር ፀሐይ የሚጐድለው ከማለዳው ይልቃል። ዋናው ነገር ግን አይለወጥም። የሐዋሳ ሹፌር መኪናው ሙሉ ጉልበት ያለው ቢመስለው፥ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ከስድስት እጅ አንዱን አጥቷል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ «የደጋ ሰው በቀጠነ አየር እየኖረ እንዴት ይበረታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ የሰው ገላ ራሱን የሚያስተካክል መሆኑ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ሳንባውና ደሙ አየሩን ይለምዱታል። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ከ2,200 ሜትር በላይ በምትገኘው በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ብዙ የቈላ አገር ሯጮች ትንፋሽ ሲያጥራቸው፥ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸነፈ። ሞተር ግን ደም የለውም፤ 20 ዓመት በደጋ ቢኖር አየሩን አይለምድም። የሚጐድለውን የሚያስተካክልለት ሰው ነው።

ክፍል ፬። ተራራ የወሰደውንና ቸልታ የወሰደውን ስለ መለየት

ጉልበት ሁሉ በከፍታ ምክንያት አይጐድልም። ብዙ ሰው ግን የራሱን ቸልታ በተራራው ያሳብባል። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት በሽታውን መለየት ያስፈልጋል።

መለያውም ቀላል ነው። መኪናው ወደ ላይ በወጣ መጠን ቀስ በቀስ እየደከመ፥ ሲወርድ ደግሞ እየበረታ ከመጣ፥ የወሰደው ተራራው ነው። መኪናው በዚያችው በሐዋሳ፥ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ጭነት ከአምናው ዘንድሮ ከደከመ ግን ተራራው ንጹሕ ነው። የሐዋሳ ከፍታ ከአምና ወዲህ አልጨመረምና።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመረመረው የአየር ማጣሪያው፥ ማለት ፊልትሮው ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ የሚነሣው ብናኝ ደቃቅ ስለ ሆነ ፊልትሮን ፈጥኖ ይደፍናል። አየሩ አስቀድሞ በከፍታ ምክንያት ቀጥኖ ሳለ፥ ፊልትሮው ደግሞ ከተደፈነ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ይታፈናል። ቀጥሎ የነዳጁ ፊልትሮ፥ የካንዴላው ንጽሕና፥ የቫልቭ ልክ፥ የፍሪሲዮን መንሸራተት፥ ፍሬኑም ጎማውን ይዞ የሚቀር እንደ ሆነ ይታያል። የጎማ ነፋስ ማነስ እንኳ ጉልበት ይበላል።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ የበለጠ መሆኑን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት አብሮ እየነደደ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም ነዳጁ ሳይነድድ መውጣቱን ያመለክታል። ከነዚህ በከፍታ ምክንያት ሊመጣ የሚችለው ጥቁሩ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በሐዋሳም ሆነ በሰነቴ የጥገና ጕድለት ናቸው።

ክፍል ፭። ነዳጅ መጨመር ስለማይበጅ

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ደርሰናል። ጉልበት ሲጐድል ነዳጅ መጨመር መድኃኒት ይመስላል። ነገር ግን ነገሩ ጢስ በሞላው ምድጃ ላይ እርጥብ እንጨት እንደ መጨመር ነው። የጐደለው አየር ሆኖ ሳለ ነዳጅ ቢጨመር፥ ነዳጁ ሳይነድድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በናፍጣ ሞተር ፓምፓው ከልክ በላይ ሲከፈት ጉልበቱ ጥቂት የጨመረ ቢመስልም፥ የጭስ መንገዱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስቶኑና ቫልቩ ይጐዳሉ፤ ያልነደደውም ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። በመንገድ ዳር የሚሄዱ ተማሪዎችም ጥላሸቱን ይተነፍሱታል። ስለዚህ ለቀጠነ አየር መድኃኒቱ ነዳጅ ሳይሆን አየር ነው፤ አየር መጨመር ካልተቻለም ነዳጁን ከአየሩ ጋር ማስማማት ነው።

በካርቡራቶር በሚሠራ በቀድሞ ዓይነት የቤንዚን ሞተር፥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ የተለካችው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። በደጋ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚን ይባክናል። መካኒኩ አነስ ያለች ቀዳዳ ያለውን ክፍል ሲያገባ፥ ወይም ካርቡራቶሩን ሲያስተካክል፥ በድብልቁ መበላሸት የጠፋው ጉልበት ይመለሳል። የቀጠነ ድብልቅ ዝግ ብሎ ስለሚነድድ፥ ካንዴላው የሚተኩስበትም ጊዜ ጥቂት ቀደም እንዲል ይደረጋል። ይህን ያስተካከለ ሰው ግን አንድ ነገር መርሳት የለበትም። ለደጋ የተስተካከለው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ እንደ ቀድሞው መመለስ አለበት። አለዚያ ቤንዚኑ በወፍራሙ አየር ያንስበታል፤ ሞተሩም ያለ ጊዜው እየነደደ ይንኳኳል፤ መንኳኳቱ ቢቀጥል ፒስቶን ይበሳል።

አዲሶቹ የቤንዚን ሞተሮች ይህን ሥራ ራሳቸው ይሠራሉ። የአየሩን ጫና የሚለካ መሣሪያና በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክሲጅን የሚለካ ሌላ መሣሪያ አላቸው። በእነዚህ መሣሪያዎች እየተመሩ ነዳጁን ይመጥናሉ። እንዲህም ሆኖ፥ የሚመጥኑት ነዳጁን ብቻ ነው፤ የጐደለውን አየር አይተኩም። ስለዚህ አዲስ መኪናም ቢሆን በሰነቴ ይደክማል፤ ቤንዚን ግን አያባክንም።

ክፍል ፮። ወናፍ የሚሠራውን ሥራ ስለሚሠራ መሣሪያ

የአገራችን አንጥረኛ ይህን ሁሉ ካወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ብረቱ አልግል ሲለው ከሰል ብቻ አይከምርም፤ ወናፉን ይነፋል። በወናፍ የተነፋ ጥቂት ከሰል፥ ካልተነፋ ክምር ይበልጥ ይግላል።

ሞተርም ወናፍ ተሠርቶለታል። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በጭስ ኀይል የሚዞር የአየር መጫኛ አስቦ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ይህም ዛሬ ቱርቦ የሚባለው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እንዲያው ከሚባክን ትንሽ መንኰራኵር እንዲያዞር ይደረጋል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ሁለተኛ መንኰራኵር አለ፤ እርሱም አየር ከውጭ ስቦ፥ አጭቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ስለዚህ ቁናው ያው ሆኖ ሳለ፥ በውስጡ የሚሰፈረው አየር እንደ ተጠቀጠቀ እህል ይከብዳል።

ይህ በደጋ የጐደለውን ጉልበት መመለሱን የገለጠው ፈተና የተደረገው በአሜሪካ ነው። መሐንዲሱ ሳንፎርድ ሞስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ አወጣው። የዚያ ተራራ ቁመት 4,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ 4,377 ሜትር ከፍ ከሚለው ከባሌው ቱሉ ዲምቱ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሞተሩ በቈላ 350 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በተራራው ራስ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ ግን 356 ሰጠ። ተራራው የወሰደውን ሁሉ መለሰ ማለት ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ከሚሠሩት ከባድ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ብዙዎቹ ቱርቦ ያላቸው ናቸው። ቢሆንም ቱርቦ ገደብ አለው። አየሩ በቀጠነ መጠን መንኰራኵሩ ይበልጥ መፍጠን ስለሚገባው፥ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ቱርቦ ያለው ሞተርም ይደክማል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ስለሚችል ንጹሕ ዘይት ይሻል። ስለዚህ የዘይቱ መለወጫ ጊዜ አይለፍ፤ ከትልቅ ዳገት በኋላም ሞተሩ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ሠርቶ ይቀዝቅዝ። ደግሞም ቱርቦ ያልተሠራለትን ሞተር ቱርቦ መግጠም እንደ ቀላል ነገር አይታይ። የፒስቶኑ ጥንካሬ፥ የማቀዝቀዣውና የዘይቱ መጠን አብሮ ካልታሰበ፥ ጉልበት ሲፈለግ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል።

ክፍል ፯። በዳገትና በቁልቁለት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ቱርቦ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው መድኃኒት ከጭነት መቀነስ ነው። ሞተሩ በሀገረ ሰላም መንገድ ላይ ከመቶ 27 ጉልበት የሚያጣ ሲሆን፥ የመጽሐፉን ሙሉ ጭነት በጸና ዳገት ላይ መጫን ከሕይወት ጋር መጫወት ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣ መኪና ይቆማል፤ የቆመም ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ሁለተኛው፥ ሞተሩ ሳይደክም ማርሽ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ሞተሩ እያቃሰተ በከፍተኛ ማርሽ ሲገፋ ጭሱ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይጨምራል።

ሦስተኛው ስለ ውሃ ነው። የደጋ ሴቶች ሽምብራና ባቄላ ቶሎ እንደማይበስልላቸው ያውቃሉ። ምክንያቱም በቀጠነ አየር ውሃ ሳይግል ስለሚፈላ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ በሐዋሳ በ94፥ በአዲስ አበባ በ92፥ በሰነቴ በ86 ዲግሪ ያህል ይፈላል። የራዲያተር ውሃም እንዲሁ ነው። ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ጫና የሚይዘው ክዳን ነው። ክዳኑ ያረጀ ወይም በጨርቅ የተተካ እንደ ሆነ መኪናው በዳገት ይፈላል። የፈላውን ራዲያተር ሳይቀዘቅዝ መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

አራተኛው ስለ ቁልቁለት ነው። በብዙ አውቶሞቢሎች ፍሬንን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በውጭ አየር ጫና ነው። ጫናው ሲያንስ እገዛው ያንሳል፤ እግርም የበለጠ መርገጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ተራራ የወጣ ሰው ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፥ በሞተሩ ልጓም እየተያዘ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻውን አያቃጥል። ማርሽ ነጻ አድርጎ፥ ሞተርም አጥፍቶ ነዳጅ ለመቈጠብ መውረድ ፈጽሞ አይገባም።

ክፍል ፰። ለመንደር ሞተር ሲገዛ

ይህ ሕግ ለመኪና ብቻ አይደለም። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሁሉ ይገዛበታል። አንድ መንደር በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ወፍጮ ሊተክል ቢያስብ፥ ወፍጮውም 15 የፈረስ ጉልበት የሚፈልግ ቢሆን፥ 15 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበትን ሞተር መግዛት ስሕተት ነው። ያ ሞተር በዚያ ከፍታ የሚሰጠው 11 ያህል ብቻ ነውና። ትክክለኛው ሒሳብ 15ን ለ0.73 ማካፈል ነው፤ ይህም 20 ተኩል ያህል ስለሚሆን፥ ከ21 የፈረስ ጉልበት ያላነሰ ሞተር ይገዛል። ይህን ሒሳብ የሚሠራ መምህር ለመንደሩ ትልቅ ውለታ ዋለ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በውስጡ እሳት ስለማይነድድ አየር አይሻም፤ የአየሩም መቅጠን ጉልበቱን አይወስድበትም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፥ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በአዲስ አበባ፥ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች እየታዩ ነው። እነዚህ በዳገት ባትሪያቸውን ፈጥነው ቢጨርሱም፥ ከፍታው ራሱ አያደክማቸውም፤ ቁልቁለት ሲወርዱም ከወጪው ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት የደጋ መንደርም ለወፍጮ የኤሌክትሪክ ሞተር መምረጥ በዚህ በኩል ጥቅም አለው።

የመማሪያ ጥያቄዎች

፩። ጠርሙስ በደጋ ተዘግቶ ወደ ቈላ ሲወርድ ጐኑ የሚገባው ስለ ምንድን ነው?

፪። ሲሊንደር በቁና የተመሰለው በምን ምክንያት ነው? ቁናው ሳይጐድል ጉልበቱ የሚጐድለውስ እንዴት ነው?

፫። 120 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ቱርቦ የሌለው ሞተር በሐዋሳ፥ በሀገረ ሰላምና በሰነቴ አምባ ምን ያህል ጉልበት ይኖረዋል?

፬። አንድ ሰው «መኪናዬ በሐዋሳ ከአምናው ደከመ፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው» ቢል፥ ምን ተብሎ ይመለስለታል? መጀመሪያስ ምን እንዲያይ ይመከራል?

፭። በደጋ የናፍጣ ፓምፓ መክፈት የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?

፮። ለደጋ የተስተካከለ የካርቡራቶር መኪና ወደ ጅቡቲ ከመውረዱ በፊት ምን ሊደረግለት ይገባል? ባይደረግለትስ ምን ይሆናል?

፯። ተማሪዎች የመንደራቸውን ከፍታ ጠይቀው ይረዱ፤ በመንደሩ ያለው የወፍጮ ሞተር በመጽሐፉ የተጻፈለትን ጉልበትና በእውነት የሚሰጠውን ጉልበት በሒሳብ ያመዛዝኑ፤ ያገኙትንም ለወላጆቻቸው ያስረዱ።